ከላክኸው ሙቀት የደረሰን

ውድ ወንድሜ ሳቢት፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። እንዴት ነህ? ሱቅ ውስጥ ቆመህ ስትውል የሚያምህ ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ ሀያምና ትንሹ ኢክረማ ደህና ናቸው? ደቡብ አፍሪካም አሁን ብርድ ነው ብሎኛል ያሕያ፤ ልጁን ደራርባችሁ አልብሱት። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት ብዬ ብቀጥል ደስ ባለኝ፤ ግን አይደለችም።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው እንዳትለኝ። ስትደውል እማዬ ከእጄ ነጥቃ ስፒከር ላይ ታደርገዋለች፣ እኔ የምነግርህ ደግሞ እሷ ፊት የማይነገር ነው። በቴሌግራም ብጽፍልህ በአውራ ጣት ምስል ነው የምትመልስልኝ። የላክኸውን ማሞቂያ ያመጣልን ያሕያ ወደ እናንተ ሊመለስ ስለሆነ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ።

ማሞቂያው በሰላም ገብቷል። ስፒናው ከእኛ ሶኬት ጋር አልገጥም ስላለ ጎረቤታችን በዳሳ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ቆርጦ ሌላ ቀጠለለት። እማዬ ያን ቀን ምርቃቷን ሁሉ ለአንተ ስታዘንበው እኔና በዳሳ ጠብታ እንኳ አልደረሰንም። ከዚያ ወዲህ በየስልኩ ልጄ እሳት ነው የላከልኝ፣ ላብ በላብ ሆንኩ ትልሃለች። ይህን የምትለው ሁለት ጋቢ ደርባ፣ በካልሲ ላይ ካልሲ አድርጋ ነው። ዓይኗን በጨው አጥባ ስትዋሽህ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እሰማታለሁ።

ኤሌክትሪክ ተምሬ፣ ዊንጌት ጋ ቀኑን ሙሉ የኤሌክትሪክ ዕቃ እየሸጥኩ፣ የገዛ ቤታችን ለምን እንደማይሞቅ አለማወቄ ከነከነኝ። ማሞቂያው ጀርባ ላይ 220 ቮልት፣ 2200 ዋት ይላል። ዋቱን ለቮልቱ ስታካፍለው አሥር አምፔር ነው። ቮልቱን ደግሞ ለአሥሩ አምፔር ስታካፍለው ሃያ ሁለት ኦም ይመጣል፤ ሬዚስታንስ የሚባለው እሱ ነው፣ የማሞቂያው ሽቦ ከረንቱን የሚገታበት። ይህ ሽቦው አብሮት የመጣ ጠባዩ ነው፤ ጉለሌ ገባሁ ብሎ አይለወጥም ማለት ይቻላል። የሚለወጠው ቮልቱ ነው። እኛ ዳገቱ ላይ የመስመሩ ጫፍ ስለሆንን፣ ማታ ሰው ሁሉ ሲለኩስ የሚደርሰን የተራረፈው ነው። በዳሳ ማሞቂያው በርቶ እያለ ቢለካው 154 ቮልት ሆነ። ለሃያ ሁለት አካፍዬ ሰባት አምፔር ይሆናል አልኩት፤ መለኪያውም ያንኑ ሰባት አለ። 154ን በሰባት ስታበዛው 1078 ዋት ነው። የቀነሰው ቮልት ሲሶ እንኳ አይሞላም፣ ሙቀቱ ግን ከግማሽ በታች ወረደ፤ ቮልቱ ሲያንስ ከረንቱንም ይዞት ይወርዳልና።

ቮልት ከፍ የሚያደርግ ስታቢላይዘር ብንገዛስ ብለንም ነበር። ሙሉውን 2200 ዋት ከ154 ቮልት ለማውጣት ግን ከአሥራ አራት አምፔር በላይ መሳብ አለበት። ከፖሉ እኛ ቤት ድረስ የመጣው ሽቦ ቀጭን ነው፣ በሰባቱም ይግላል። በዳሳ ይህን ቤት ከብርድ አድናለሁ ብለሽ እንዳታነጂው አለኝና ተውኩት።

ስሌቱን ለእማዬ ብነግራት ተቆጣች። የልጄን ስጦታ በቁጥር አታሳንሺብኝ አለችኝ። ለአንተም እንዳልነግርህ፣ ሰምተህ ሌላ ልግዛ ብለህ እንዳትንከራተት አስማለችኝ። መሐላውን ይኸው አፍርሼዋለሁ፣ አላህ ይማረኝ።

ሐኪሙ ሳንባዋ ይህን ብርድና እርጥበት ሌላ ክረምት አይችለውም፣ ቆላ ውሰዷት ብሎኛል። አጎታችን ፈድሉ አዳማ ክፍል ለቆላት እየጠበቀ ነው። ብለምናት፣ ባለቅስባት አልሄድም አለች። ሳቢት ሲመጣ ይህን በር ተቆልፎ አያገኘውም ትላለች። ለዓረፋ እመጣለሁ ብለሃት አልነበር? ዓረፋ አለፈ፣ አሁን ለሚቀጥለው ይመጣል ብላ ትጠብቃለች። የመኖሪያ ወረቀትህ እንዳልወጣ፣ ከዚያ ከወጣህ መመለሻ እንደሌለህ ለእኔ ብቻ የነገርከኝን ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ኖሬያለሁ። አሁን ግን ከበደኝ፣ ሳቢት።

ትናንት ከሥራ ከሰዓቴ ቀደም ብዬ ስገባ እማዬን ሳሎን ጨለማ ውስጥ ተኮራምታ አገኘኋት። ማሞቂያው አጠገቧ የለም። ብፈልገው አንተ ክፍል፣ ፍራሽህ ፊት ተሰክቷል። ፍራሹ እርጥበት እንዳይጠጣ በየቀኑ እዚያ ስታበራው ከርማለች፤ እኔ የምገባበት ሰዓት ሲደርስ ብቻ ወደ ራሷ ታመጣዋለች። ስንት ዋት እንደሚደርሳት የደከምኩበት ስሌት ሁሉ ከንቱ ነበር። ቀኑን ሙሉ ለእሷ ምንም አልደረሳትም።

ስለዚህ ሌላ ማሞቂያ አትላክ። ደውልና አልመጣም በላት። ከእኔ አፍ አታምነውም፣ የሰው ወሬ ነው ትለኛለች። ታለቅሳለች፣ አውቃለሁ፤ እኔም አጠገቧ እሆናለሁ። አልቅሳም ቢሆን አዳማ ትግባልኝ።

ሀያምን ሳምልኝ፣ ኢክረማን አገላብጠህ ሳምልኝ። ኢክረማ አያቱን በድምፅ ብቻ እንዳያውቃት እፈራለሁ። በዳሳ ሰላም ብሎሃል፣ አጎታችን ፈድሉም እንደዚሁ። እማዬ ስጽፍ አይታ ምን እንደምጽፍ አልጠየቀችኝም። ሰላም በይልኝ፣ ክፍልህ ደርቋል በይው ብላለች።

እህትህ ጀዊሪያ
ጉለሌ፣ ከቁስቋም በታች
ሐምሌ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.