ለጠረፉ ጀልባዎች ባትሪ ሲሞሉ የኖሩት የአቶ ትግሉ ማንደፍሮ የሕይወት ታሪክ

አቶ ትግሉ ማንደፍሮ ከአባታቸው ከአቶ ማንደፍሮ ወርቁ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አሰለፈች ተፈራ በሰሜን ሸዋ፣ በሸዋ ሮቢት ከተማ፣ በ1969 ዓ.ም. ይህችን ዓለም ተቀላቀሉ። ወሩን በተመለከተ እናታቸው ሚያዝያ ነው ሲሉ፣ መታወቂያቸው መስከረም አንድ ይላል፤ አቶ ትግሉ ከሁለቱም ጋር አልተከራከሩም። ስማቸውን ያወጡላቸው አባታቸው ሲሆኑ፣ ዘመኑም እንዲህ ያለ ስም የሚወጣበት ነበር። እሳቸው ግን ከማንም ጋር ሲታገሉ አልታዩም። ይልቁንም ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚሰጉ ሰው ነበሩ። ወንዙ ሳይሞላ ሞላ ብለው፣ አውቶብሱ ሳይመጣ አለፈን ብለው ይሰጉ ነበር።

ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ እስከ አሥረኛ ክፍል ተከታትለዋል። የኤሌክትሪክን ነገር ግን የጀመሩት ቤት ውስጥ ነው። የአባታቸው ሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡት ነበር። ሌሎች ልጆች አስጥተው ወደ ጨዋታቸው ሲሄዱ፣ እሳቸው እስኪነሳ ድረስ አጠገቡ ተቀምጠው ይጠብቁ እንደነበር ታላቅ እህታቸው ያስታውሳሉ። ምን እንደሚጠብቁ ሲጠየቁ፣ “ደመና ቢመጣስ?” ይሉ ነበር።

በ1989 ዓ.ም. የከባድ መኪና ረዳት ሆነው ወደ ጅጅጋ መጡ። ከመኪናው ይልቅ የመኪናው ባትሪ ስለሳባቸው በአንድ ጋራዥ የኤሌክትሮ አውቶ ሥራ ለስድስት ዓመት ተምረው፣ በ1995 ዓ.ም. ከመናኸሪያው ጀርባ የራሳቸውን ባትሪ ቤት ከፈቱ። በ1996 ዓ.ም. በልብስ ስፌት ይተዳደሩ ከነበሩት ከወ/ሮ ፅዮን አበራ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው፣ መልአክ ትግሉንና ናሆም ትግሉን አፍርተዋል። በሠርጋቸው ዕለት ሙሽራው ለአጭር ጊዜ ጠፍተው የተገኙት ከሙዚቀኞቹ ጄኔሬተር አጠገብ መሆኑን ሚዜዎቻቸው እስከ ዛሬ ይናገራሉ።

በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ በጅጅጋ በደረሰው ሁከት ባትሪ ቤታቸው ወደመ። ቤተሰቡን አራት ቀን በጓዳቸው ሸሽገው ያቆዩት ጎረቤታቸው ወ/ሮ ላዳን ናቸው፤ ውለታቸውን ቤተሰቡ አይረሳም። በእነዚያ አራት ቀናት አቶ ትግሉ ስለ አንድ የሰው አደራ፣ ቻርጅ ላይ ትተውት ስለወጡት የሚኒባስ ባትሪ ደጋግመው ሲያነሱ፣ ወ/ሮ ላዳን፣ “ኧረ ትግሉ፣ ሰዉ ነፍሱን ይዞ ይሮጣል፣ አንተ ባትሪ ትላለህ!” ብለው መቆጣታቸው በሐዘን መካከል እንኳ ይነሳል።

ከዚያ በኋላ በ2011 ዓ.ም. ቤተሰባቸውን ጅጅጋ አስቀምጠው ወደ አይሻ ተሻገሩ። በዚያም ከአቶ ጃማ ጋር ተዋወቁ። አቶ ጃማ በአይሻ የታወቁ ነጋዴ ሲሆኑ፣ ከዘመዶቻቸው ጋር ከድንበሩ ማዶ፣ ባሕሩ ዳር፣ አራት ጀልባ ያለው የዓሣ አጥማጆች ሰፈር አላቸው። ሰፈሩ ስም የለውም፤ ሾፌሮች “ጠረፉ” ብቻ ይሉታል። መብራት የለውም። ስልክም ኮረብታው ላይ ካልወጡ አይሠራም። ጀልባዎቹ ሞተራቸውን የሚያስነሱትም ሆነ አቅጣጫ ጠቋሚያቸውን የሚያበሩት በባትሪ ነው። ሞተሩ በገመድ ተስቦ የሚነሳ ዓይነት ስላልሆነ፣ ባትሪው ካለቀ ጀልባው ነፋሱ ወደ ወሰደው ይሄዳል። ይህን የመጨረሻውን ነገር አቶ ጃማ ሥራውን ሲያስረዱ እግረ መንገዳቸውን ጣል አድርገውት ያለፉት ሲሆን፣ አቶ ትግሉ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከራሳቸው አውርደውት አያውቁም።

በመጀመሪያ ሰፈሩ ላይ ሶላር ተከሉ። በስምንት ወር ውስጥ ጨዉ ሽቦውን በላው፣ አሸዋው መስታወቱን ፋቀው፣ የቀረውን ደግሞ ጥላ ፍለጋ ሥሩ የተኙ ፍየሎች ገፍተው ጣሉት። ስለዚህ መብራት ወደ ባትሪዎቹ መሄድ ካልቻለ ባትሪዎቹ ወደ መብራት እንዲመጡ ተወስኖ፣ አቶ ትግሉ አይሻ ላይ ባትሪ ቤት ከፈቱ። ዓሣ በበረዶ ጭኖ በየሁለት ቀኑ ወደ አይሻ የሚወጣው መኪና የደከሙትን ያመጣል፤ ሲመለስም የተሞሉትን ይወስዳል። አቶ ትግሉ አሲዱን ይለካሉ፣ ውሃ ያሟላሉ፣ የዛገውን ጫፍ በሙቅ ውሃና በሶዳ አጥበው ግራሶ ይቀባሉ፣ ቀስ አድርገው ይሞላሉ። ወደ ጠረፉ በስድስት ዓመት ውስጥ የወረዱት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ባሕሩን ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ አልሞከሩትም። “ናኮዳ” ከሚባሉት የጀልባ አዛዦች አንዱ፣ ናኮዳ ባሬ፣ “ና ውጣ፣ ሥራህን ውሃ ላይ እየው” ቢሏቸው፣ “የለም፣ እኔ እዚሁ ሆኜ ልጨነቅ” ብለው መልሰዋል።

ጭንቀቱንም አላስታጎሉም። አይሻ መብራት በጠፋ ቁጥር ምሳቸውን ትተው ይነሱ ነበር። በቅዳሴ ሰዓት ሁልጊዜ በር አጠገብ ይቆማሉ፤ ለትሕትና የመሰላቸው ምእመናን ነበሩ። ሆኖም ማዶ ያለው የባትሪ ቤታቸው አምፖል የሚታየው ከዚያ ብቻ ነው። ሐሳብ ሲይዛቸው “እንዴት አደሩ?” ለሚላቸው ሰው “አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት” ብለው የመለሱበት ጊዜ አለ። የሞላ ባትሪ ልክ ይህ በመሆኑ ሰውየው ደህና ማደራቸውን ተረድቶ ሄዷል።

በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የደረሰውን ነገር አቶ ትግሉ ራሳቸው እንዲቀር አይፈልጉም ነበርና እዚህ ይጻፋል። አፍደም የውሃ ፓምፕ ሊጠግኑ ሄደው ሳለ የዓሣው መኪና ሾፌር ሀምሴ ከባትሪ ቤታቸው በር ላይ ደወለላቸው። የሚጭነው አንድ ባትሪ ጎድሎት ነበርና፣ “ጋሽ ትግሉ፣ ሰባት ቁጥር እንዴት ነው?” ሲል ጠየቀ። እሳቸውም “ሞቷል” አሉት። መስመሩ ይቆራረጥ ነበር። ሀምሴ “ሞልቷል” ብሎ ሰማ፣ አመሰግናለሁ ብሎ ጫነ።

ሰባት ቁጥር የደረሰው ለናኮዳ ባሬ ጀልባ ነው። ጠዋት ሞተሩን አንድ ጊዜ አስነሳና ሦስት ሰዎችን ይዞ ከዳርቻው ካራቀ በኋላ ዝም አለ። ሰዎቹ ሁለት ቀን ተንሳፍፈው ሌላ ጀልባ አገኛቸው። ሦስቱም በሕይወት ተመለሱ። ሀምሴ ሲወቀስ፣ “ጋሽ ትግሉ፣ በእናንተ ቋንቋ ሞልቷልና ሞቷል በአንድ ፊደል ነው እንዴ የሚለያየው? ይሄ ለሰው ይሆናል?” ብሏል፤ አቶ ትግሉም አስበውበት ልክ እንደሆነ አምነዋል። ናኮዳ ባሬ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ አይሻ ሲመጡ አቶ ትግሉ ለዱላ ተዘጋጅተው ወጡ። ናኮዳው ግን፣ “ከሞትኩ በባሕር ልሙት፤ በአማርኛ አልሞትም” ብለው ከሳቁ በኋላ ሻይ እንዲመጣላቸው ጠየቁ። የሳቁት ናኮዳው ብቻ ናቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ በባትሪ ቤቱ ሁለቱም ቃላት ተከለከሉ። የተሞላው “ጠግቧል”፣ ያልተሞላው “ርቦታል”፣ ከእንግዲህ የማይነሳው ደግሞ “ጡረታ ወጥቷል” ተባለ። ቃሉን የሳተ ደንበኛ እንደገና እንዲናገር ይደረግ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን፣ አቶ ትግሉ በገዛ እጃቸው ያልለኩት ባትሪ ከግቢው እንዳይወጣ ወሰኑ። ለአራት ዓመት ተኩል አንድም አልወጣም። በዚህም ምክንያት የእናታቸውን ተዝካር አንድ ቀን ዘግይተው ደርሰዋል፤ የናሆምን የስምንተኛ ክፍል ምርቃት በስልክ ሰምተዋል።

ልጃቸው መልአክ ከኮሌጅ በኤሌክትሪክ ሙያ ተመርቃ በ2016 ዓ.ም. አብራቸው መሥራት ስትጀምር እንኳ ውሳኔው አልላላም። እሷ ትለካለች፤ እሳቸው ደግሞ እንደ አዲስ ይለካሉ። “አባዬ፣ መለኪያው እኮ እኔ ስይዘው ቁጥሩ አይለወጥም” ስትላቸው፣ “አውቃለሁ፤ እኔ ግን እለወጣለሁ” ይሏት ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር ኩላሊታቸው መታመሙ ታወቀ። ሐኪም ጅጅጋ ተኝተው እንዲታከሙ ቢነግራቸውም ባሕሩ በነፋስ የሚዘጋበት ክረምት እስኪደርስ ቀጠሮ እንዲሰጣቸው ጠይቀዋል። በየካቲት መጨረሻ እግራቸው ጫማ እምቢ ሲል ግን ወ/ሮ ፅዮን አይሻ ድረስ ሄደው ይዘዋቸው መጡ። ጠረፉ ለጥቂት ጊዜ በቀደሙት ባትሪዎች ቆየ። መጋቢት 8 ቀን ሰኞ መልአክ አራት ባትሪ ብቻዋን ሞልታ፣ ብቻዋን ለክታ በሀምሴ መኪና ላከች። ከአራቱ አንዱ ለናኮዳ ባሬ ጀልባ ነበር። ጀልባው በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዎች ይዞ ወጣ። መመለሻው ማክሰኞ ማለዳ ነበር።

ማክሰኞ አልተመለሰም።

መልአክ ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ የመዘገበችውን ቁጥር ስታነብ ዋለች። ቁጥሩ ትክክል ነበር፤ ግን ያነበበችው እሷ ብቻ ነች። ወደ ጅጅጋ የመጣችው ረቡዕ ጠዋት ነው። አባቷ ገና ከበሩ ሳትገባ፣ “ገቡ?” አሏት። ልትዋሻቸው እንዳሰበች፣ ነገር ግን አፏ እንዳልታዘዘላት ነግራናለች። “ገና ናቸው” አለች። አቶ ትግሉ ስንት እንደለካች ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። የአሲዱን ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ጫፉን ግራሶ መቀባቷን ጠየቋት፤ ቀብቻለሁ አለች። ከዚያም፣ “እኔም ብሆን ከዚህ የተለየ አላደርግም ነበር” አሏት። ቤተሰቡ እስከሚያውቀው ድረስ አቶ ትግሉ ያልለኩትን ባትሪ ሲያምኑ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ይሁንና ነርሷ በገባች ቁጥር፣ የመድኃኒት ስም የጠየቁ ይመስል፣ “ገቡ ወይ?” ማለታቸውን አልተዉም።

አቶ ትግሉ ማንደፍሮ ረቡዕ መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት በተወለዱ በአርባ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። በዚያች ሰዓት ጀልባው አልገባም ነበር። መልአክ ከዚያ ወዲያ ለአባቷ ታልቅስ ወይስ ለሦስቱ ሰዎች ሳይለይላት አድራለች፤ የሚያጽናናትም ሰው የትኛውን ብሎ እንደሚያጽናናት አላወቀም።

አቶ ትግሉ ባለትዳርና የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ አባት ነበሩ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ፅዮን አበራን፣ ልጆቻቸውን መልአክንና ናሆምን፣ ታላቅ እህታቸውን ወ/ሮ ብርነሽ ማንደፍሮን፣ እንዲሁም አቶ ጃማን፣ ወ/ሮ ላዳንን፣ ሀምሴንና የጠረፉን ሰዎች በሐዘን ትተዋል።

ይህ ጽሑፍ እዚህ ላይ አብቅቶ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል፣ ዛሬ ሐሙስ ጠዋት አቶ ጃማ ደወሉ። ናኮዳ ባሬ ነፋስ ስለበረታባቸው አንዲት ደሴት ጥግ ሞተር አጥፍተው ሁለት ቀን ጠብቀው ኖሯል። ነፋሱ ሲበርድ ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነስቶ ሦስቱም በደህና ገብተዋል። ስለ አቶ ትግሉ የሰሙት ኮረብታው ላይ ወጥተው ሲደውሉ ነው። ለቀብሩ ስለማይደርሱ ይቅርታ እንዲጠየቅላቸው አደራ ብለዋል።

መልአክ ስልኩን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ወ/ሮ ፅዮን ግን ተነሥተው ሳጥኑ ወዳለበት ክፍል ገቡ፤ ሰው ሁሉ ለልቅሶ የገቡ መስሎት መንገድ ለቀቀላቸው። አላለቀሱም። ገና ክዳኑ አልተመታም ነበርና ወደ ባለቤታቸው ጆሮ ጎንበስ ብለው፣ ሁላችንም በሰማነው ድምፅ፣ “ትግሉዬ፣ ገብተዋል” አሏቸው።

አምላክ ለሰው ሲሰጉ የኖሩትን የወንድማችንን ነፍስ ስጋት በሌለበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥ። አሜን።