የሚኒባሱ ፍሬንና የእኔ ንባብ

ኅዳር 5 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ ካራንቲና

ማንደፍሮ ከጋራዡ ወደ ክፍሌ ወጣ፤ እጁ ግሪስ በግሪስ። በዚህ በዐረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩትን ያገራችንን ሴቶች እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርስበት የናፍጣ ሚኒባስ የፍሬን ፔዳሉ ጠንክሯል። «ጋሼ፣ የፈረንሳይኛው የመኪና መጽሐፍ ምን ይላል?» እርሱ ሞተር ያውቃል፤ እኔ ፊደል። እንዲህ ተደጋግፈን አራት ዓመት።

አነበብኩለት። ፔዳሉን የሚያለሰልሰው ሰርቮ አየሩ የሚሳብለት በሞተሩ አየር ማስገቢያ ነው፤ ቱቦው እዚያ ይገባል። ጥርት ያለ አገላለጽ... ሁለት ጊዜ ደገምኩለት። «የዚህኛው ግን ከዲናሞው ኋላ ካለው ፓምፕ ነበር የሚመጣው» አለ። መጽሐፉ ይሳሳታል? አልኩት። «እርስዎ ካሉ...» ብሎ ቱቦውን ወደ አየር ማስገቢያው አዛወረው።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ከቨርደን ሰፈር ቁልቁል ሲወርዱ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። ማንደፍሮ ማርሽ ቀንሶ፣ የእጅ ፍሬን ስቦ፣ ከግንብ ጋር አሻሽቶ አቆመው። አሥራ አንድ ሴቶች ነበሩ። ተመስገን፣ የጥሩነሽ የእጅ አንጓ ብቻ ወለም አለ። እጅጌዋን እየጎተተች፣ «ማዳሜ ካየች ኸላስ፣ አበቃ፤ እሑድ መውጣት ቀረ» አለችኝ።

የጋራዡ ጌታ ሙዓሊም ኤልያስ ማንደፍሮን፣ «እስከ ማክሰኞ ምክንያቱን አምጣ፤ ያለዚያ ወደ አገርህ» አለው። ማንደፍሮ ስሜን አላነሣም። ለምን?

ኅዳር 9

መጽሐፉን ዳግም ገለጥኩ። ከገጹ ራስ ላይ፦ የቤንዚን ሞተር። የናፍጣው ሦስት ገጽ አልፎ ነበር። ናፍጣ በማስገቢያው በኩል በቂ መሳብ ስለሌለው የራሱ ፓምፕ ይሻል... አፈርኩ። ወርጄ ነገርኩት።

ቱቦውን ወደ ፓምፑ መለሰው። ሞተሩ እንደ ጠፋ ፔዳሉን አምስት ጊዜ ረገጠ፤ እግሩን ሳያነሣ ሞተሩን አስነሣው። ፔዳሉ ዝቅ ማለት ነበረበት፤ አላለም። ቱቦውን ነቅሎ አውራ ጣቱን በፓምፑ አፍ ላይ አኖረ። «እንደ ደከመ ሽማግሌ ነው፤ አይስብም። ድሮም የጠረጠርኩት እርሱን ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተከራከርከኝም?»

«ከእርስዎ ጋር፣ ጋሼ?»

ኅዳር 10

ለሙዓሊሙ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኩት። እርሱም በዐረብኛው መምህር ብሎ ጠርቶኝ፦ «ያኒ ኡስታዝ፣ የመኪና መጽሐፍ ከእንግዲህ አትንካ። ማንደፍሮ ይቆይ» አለኝ። ይህ ቅጣት ከሆነ ቀላል ነው።

ኅዳር 15፣ እሑድ

አዲስ ፓምፕ ገብቷል። ማንደፍሮ ማንንም ሳይጠይቅ ፈተሸው፤ ሲያስነሣው ፔዳሉ ከእግሩ ሥር ሲለሰልስ አየሁ። ጥሩነሽ በሩ ላይ ቆማ ለመግባት አመነታች። «ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። ፍሬኑ ይይዛል?»

ማንደፍሮን ጠይቂው፣ አልኳት።