«ደህና አደርክ፣ እናቴ»

የአምላክ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ፣ ልጄ። ከመነኮስሽ ወዲህ ሰዉ እንደሚልሽ «ሲስተር» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን የወለድኳትን ልጅ እንዴት ብዬ እህቴ ልበላት?

እኔ ደህና ነኝ፤ ቤቱ ብቻ ሰፍቶብኛል። ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ጠቦ፣ ሰዉ እስከ በረንዳው ቆሞ ያስቀድሳል። እሁድ አባ «ድሮ ደናግል መነኮሳት ከውጭ ይመጡልን ነበር፤ ዛሬ እኛም ልጆቻችንን እንልካለን» ሲሉ ሰዉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ቤት ገብቼ ግን ሁለት ሳህን አቀረብኩና አንዱን መልሼ ሰቀልኩት።

በአንቺ ቦታ ሕፃናቱን እንድታስተምር ከማኅበራችሁ አንዲት የውጭ አገር ልጅ መጥታለች። በየጠዋቱ በመስኮቴ ብቅ ትልና «ደህና አደርክ፣ እናቴ!» ትለኛለች። ወንድ አደረገችኝ እኮ! አንቺም እዚያ በሰው አገር ቋንቋ የሰውን እናት አባት እያደረግሽ ይሆናል። ሲስቁብሽ አብረሽ ሳቂ፤ ምግብ ግን እንዳትተዪ።

አባ «እባክዎ ያርሟት» ብለውኛል። እሺ አልኩ እንጂ አላረምኳትም። አንቺንስ የወሰዱሽ ሥራውን ጠንቅቀሽ ስታውቂ አይደል? ይቺም ቋንቋውን ከቻለች ይወስዱብኛላ።

እመቤታችን በጥላዋ ትጋርድሽ። ብቻ አደራ፣ ለአባ እንዳትነግሪብኝ።

እናትሽ