ከጭቃ ስለተሠራው የደረጃ መደገፊያ

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ ጤናን፣ በተለይም የጉልበት ጤናን ከልብ እመኛለሁ፤ ወደ ምርመራ ክፍሉና ወደ ቢሮዎ የሚያደርሱት አሥራ ዘጠኝ ደረጃዎች ለማንም አያዳሉምና።

ባለፈው ወር «ተገልጋዩን በፈጠራ ሥራ እንረዳው» በሚለው ጥናትዎ እኛን አዛውንቶች ጠርተው፣ ጭቃ፣ መቀስ፣ ሙጫና ባለቀለም ወረቀት አድለው የምንመኘውን ጤና ጣቢያ እንድንሠራ ስለፈቀዱልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሠላሳ አራት ዓመት ሕፃናትን ወረቀት ሳስቆርጥ ኖሬ፣ በሰባ አንድ ዓመቴ ተራው ለእኔ ደረሰ። ሆኖም የእርማት ልማዴ አልተወኝምና ጥቂት ነጥቦችን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

፩. ታላቅ እህቴ ጭቃውን አሽታ ረጅም ዘንግ አወጣችና ከደረጃው ጎን አቆመችው። ጡረተኛው ሾፌር ከገመድ፣ ልብስ ሰፊዋ ከክር፣ እኔም ከእርሳስ ሠራን። በጠቅላላው አሥራ አንድ ሰው ሳይመካከር የእጅ መደገፊያ ሠራ። እኔ አራሚው ብሆን ተኮራርጀዋል እል ነበር፤ ባለሙያዎችዎ ግን ዘንጉ «ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚዘረጋ የመተሳሰር ናፍቆት» መሆኑን በሪፖርታቸው ገጽ አሥራ ሁለት ላይ ደርሰውበታል።

፪. ትሑቷ አጥኚ ዘንጉ ምን ስሜት እንደሚገልጽ እህቴን ስትጠይቃት፣ እህቴ «ልጄ፣ እንዳልወድቅ ነው» ብላታለች። ይህ መልስ «የመገለል ፍርሃት» በሚል ንዑስ ርዕስ ሥር በክብር ሰፍሯል።

፫. በጥናቱ ውጤት መሠረት በደረጃው ግድግዳ ላይ እጅ ለእጅ የተያያዙ ሰዎች ተሥለዋል። ሥዕሉ ውብ ነው። እህቴ ባለፈው ማክሰኞ ሰባተኛው ደረጃ ላይ ስትንገዳገድ የአንደኛውን ሰውዬ እጅ ለመያዝ ሞክራ ነበር፤ እሱ ግን አልተባበራትም። ከዚያ ወዲህ የደም ግፊት ክትትሏን አቋርጣ ቤት ተቀምጣለች።

፬. አራተኛው ነጥብ እህቴ ራሷ ስለ ሥዕሉ የተናገረችው ነው፤ ለኃላፊ ግን የሚጻፍ አይደለም።

ሥራ እንዳላበዛብዎ ብዬ ደረጃውን በሜትር ለክቻለሁ፦ ስድስት ሜትር ከሃያ ሳንቲ ሜትር ነው። ለመደገፊያው ይህን ያህል ብረት ይበቃል፤ ትርጉም አያስፈልገውም። ለሪፖርቱ ከመቶው ሠላሳ አምስት ነጥብ ሰጥቻለሁ፤ ሠላሳው ለንጽሕናው ነው።

ከተሣሉት ሰዎች ጎን ግድግዳውን እየዳበስኩ የምወጣ፣ የዘወትር አክባሪዎ፣
ጡረተኛው መምህር

ማስታወሻ፦ የእህቴ የጭቃ ዘንግ በቢሮዎ መስታወት ሣጥን ውስጥ «እባክዎ አይንኩ» ከሚል ጽሑፍ ጋር መቀመጡን አይቼ ኮርቻለሁ። ጽሑፉን ግን ቢያነሡት ይሻላል፤ ቢሮዎ ፎቅ ላይ ስለሆነ እህቴ ልትነካው አትችልም።