ሁለት ነጥብ ሲደመር ሁለት ነጥብ

ሰኞ 3/11፣ ከሥራ መልስ

መስመሩ ክፍት ነው። ደግሜ አየሁት። ክፍት። ከጎንደር ግን አንድ ፊደል የለም።

ማስታወሻዬ፣ አንቺ ከላይ ነሽ፣ መስመሩ ከታች። አንድ ኤዲተር፣ የኮምፒውተር መጻፊያ፣ ሁለት መስኮት። ሌላው ሰው ኤዲተር የሚከፍተው ሊጽፍበት ነው፤ እኔ ኑሮዬን አስገብቼበታለሁ። ከውስጡ ሆኜ ሌላ ፕሮግራም አስነሣለሁ፣ እቆጣጠረዋለሁ፣ ካስቸገረኝ እገድለዋለሁ። በሙያው ቋንቋ አስነሺው ወላጅ ይባላል፣ የተነሣው ልጅ። አባዬ ይህን ከሰሙ ወዲህ ከሚፍዓል፣ ከፋብሪካው፣ ስገባ ሰላምታቸው አንድ ነው፤ ዛሬ ስንት ልጅ ገደልሽ?

ዛሬ አልጠየቁኝም። ወንበራቸውን ከኮምፒውተሩ ፊት አስጠግተው ተቀምጠዋል። እራት እምቢ።

መስመሩ ለእሳቸው ብዬ የሠራሁት ነገር ነው። ዐይናቸው ደክሟል፣ ማንበብ ቀርቷል። ስልክ ወደ ጎንደር ቢገኝም ድምፁ እየተቆራረጠ ያናድዳል፤ ጽሑፍ ግን ሾልኮ ያልፋል። እናም እህቴ ይታይሽ እዚያ በስልኳ ትጽፋለች፣ መስመሩ ወደ ኤዲተሬ ያመጣዋል፣ ማጣሪያ የምለው ልጅ ቃሉን ይሰበስባል፣ ዓረፍተ ነገሩ ሲሞላ መስኮቱ ላይ ያወጣውና ለአንባቢው ልጅ ያቀብለዋል። አንባቢው ጮክ ብሎ ያነባል። እኔ ሚሽመሬት ላይ፣ በፈረቃ ሥራ ብሆንም አባዬ ብቻቸውን ይሰማሉ። የዚህን አገር በጋ ሁሉ እንዲህ ከረመ። ድምፁ የወንድ ነው፤ እሳቸው ግን "ይታይሽ መጣች" ነበር የሚሉት።

ከመስከረሙ በዓላት ወዲህ ዝም።

ረቡዕ 5/11

ዘበኛውን መረመርሁ። ዘበኛ የምለው መስመር ሲቆረጥ እንዲጮህ ያቆምሁትን ትንሽ ኮድ ነው። ጤነኛ ነው። የጻፈልኝንም አነበብሁ፤ ይታይሽ በየማታው መስመሩን ትከፍታለች፣ ጥቂት ትቆያለች፣ በወጉ ዘግታ ትሄዳለች።

ምነው ኔትወርኩ በጠፋ! ኔትወርክን መስደብ ይቻላል። ክፍት ሆኖ ዝም ሲል ግን ጥፋቱ የሰው ይሆናል።

አባዬ ቅሬታ ነው አሉ። ጥሎኝ ሄደ ብላ ነው አሉ። እኛ አይሁድ ተብለን ወደዚህ አገር ስንመጣ እሷ ክርስቲያን አግብታ ነበር፣ ጉዳይዋ ለብቻ ይታያል ተባለ፣ ቀረች። እስካሁን ለመምጣት ስሟ እስኪጠራ ትጠብቃለች። አባዬ አማቻቸውን በስሙ ጠርተውት አያውቁም፤ "ያ ሰው" ነው የሚሉት።

እስኪ እርስዎ አንድ ቃል ይላኩላት አልሁ። እምቢ አሉ። ልጅ ናት አባቷን የምትጠይቀው አሉ። ግትር! እኔም ከሌላ አልወረስሁትም።

እሑድ 9/11

ሰንበትን ሙሉ ቤቱ ጸጥ። ዓርብ የሰንበት ሻማ ሳይበራ ኤዲተሩን መዝጋት የአባዬ ሕግ ነው፤ በሰንበት ቤታችን ውስጥ ማሽን አይናገርም። ሌላ ጊዜ ሰንበት ሲወጣ ክፈቺው፣ ክፈቺው እያሉ ያጣድፉኝ ነበር። ትናንት አላሉም።

ዛሬ ንዴቴ አመለጠኝ። መስመሩ ሲከፈት ጠብቄ ጻፍሁላት። አባዬን እየገደልሻቸው ነው፤ እህቴ ከሆንሽ ተይ። ይኸው ነው፣ ሌላ የለበትም። ዝምታሽን ተይ ማለቴ ነው። ላክሁት። ቀለለኝ።

አሁን ደግሞ ከብዶኛል። መልስ የለም። መስመሩን ወዲያው ዘጋችው።

ማክሰኞ 11/11፣ ከሥራ በፊት

አባዬ ዝጊው አሉኝ። ለአንድ ቀን አይደለም፣ ለሁልጊዜው። ከኮረፈ ሰው ፊት አታስቀምጪኝ አሉ። ስግድ፣ የጸሎት በዓላችን፣ እየደረሰ ነው። ኢየሩሳሌም በወጡ ቁጥር ይታይሽን አምጣልኝ ብለው ነው የሚለምኑት። ዘንድሮ ለጉልበቴ ብቻ እለምናለሁ አሉ።

ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም።

ለመዝጋት ተቀመጥሁ። ኤዲተሩ እንደ ልማዱ ጠየቀኝ፤ ሥራ ላይ ያሉ ልጆች አሉ፣ ገድዬ ልውጣ? አይ አልሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ። አውቶቡሱ አመለጠኝ፣ በታክሲ ሄድሁ።

ሐሙስ 13/11

በችኮላ ነው የምጽፈው፣ ስሕተት ካየሽ እለፊኝ።

ከሥራ ስገባ ደረጃው ሥር ማስታወቂያ ተለጥፏል። የሕንፃው ቫዓድ፣ የነዋሪዎቹ ኮሚቴ፣ ነው፤ ውኃ ይቋረጣል ይላል፣ በዕብራይስጥ፣ በሩስኛ፣ በአማርኛ። ውኃው ግድ ሰጥቶኝ አይደለም የቆምሁት። የአማርኛውን ስሕተት መልቀም እወዳለሁ፣ ክፉ አመሌ ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ያልቃል። ጠርዙ ላይ ሁለት ነጥብ አለ። የቀሩት ሁለት ነጥቦች ወደ ታች ወርደው የሚቀጥለው መስመር መነሻ ላይ ብቻቸውን ቆመዋል።

አራት ነጥብ ለሁለት አይሰነጠቅም። የጻፈው ሰው ሁለት ነጥብን ሁለቴ ነው የመታው። ለዐይን አንድ ናቸው። ለማሽን አይደሉም።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም።

ጽሑፍ በመስመር ሲመጣ ተቆራርጦ ነው የሚመጣው፣ ግማሽ ቃል አሁን፣ ግማሹ ቆይቶ። አንባቢው አባዬ ፊት እንዳይንተባተብ ብዬ ማጣሪያውን አራት ነጥብ እስክታይ ጠብቅ ብዬው ነበር። እሱም ታዛዥ ነው፣ ጠበቀ። ዘበኛውን ስጠረጥር፣ እህቴን ስጠረጥር፣ የገዛ ማጣሪያዬን አንድ ቀን አልጠረጠርሁም። መብራት ቢጠፋ ብዬ የሰበሰበውን ፋይል ላይ እንዲያኖር ማድረጌ ብቻ በጀኝ።

ፋይሉን ከፈትሁ። ሞልቷል፣ ሁሉም ሁለቴ በተመታ ሁለት ነጥብ የተዘጋ።

"አባዬ ስልኬ ተሰብሮ በባለቤቴ ስልክ ነው የምጽፍልዎ፡፡"

"አባዬ ባለቤቴ ባሕር ዳር ሥራ አግኝቷል፡፡ እኔ ጎንደርን ከለቀቅሁ ስማችን ሲጠራ ማን ይሰማልኛል? መጠበቁም ደከመኝ፡፡ ቆዪ ካሉኝ እቆያለሁ፡፡ ሂጂ ካሉኝ እሄዳለሁ፡፡"

"አባዬ ምነው ዝም አሉኝ፡፡"

ይህን የመጨረሻውን በየማታው ነው የጻፈችው። ከእሑዱ በኋላ ደግሞ ይህ አለ።

"እህቴ አባዬን እየገደልሻቸው ነው ተይ ብላኛለች፡፡ መሄዴን ሰምተው ታመው ነው፡፡ ከእንግዲህ አልጠይቅም፡፡ የፊታችን እሑድ በጧት እንሳፈራለን፡፡ ይቅር ይበሉኝ፡፡"

ተይ ያልኋት ዝምታዋን ነበር። ወይ እኔ!

ዓርብ 14/11፣ ጧት

ዛሬ ሥራ አልገባሁም። ማጣሪያው አሁን ሁለቱንም ይቀበላል፣ አንድ መስመር ኮድ ነው። አንድ መስመር!

ለአባዬ ነገርኋቸው። ይታይሽ አልኮረፈችም፣ እኔ ነኝ ያፈንኋት አልሁ። እንዴት ብለው አልጠየቁም። አስነብቢልኝ አሉ። አንባቢውን አስነሣሁት፣ ከመጀመሪያው አንሥቶ አነበበው። "ምነው ዝም አሉኝ" የሚለውን የተጻፈውን ያህል ደጋገመው። ላቋርጠው ስል እጄን ያዙኝ።

ሲያልቅ መልስ አስጻፉኝ። መጀመሪያ ቆዪ ብለሽ ጻፊ አሉ። ኋላ አጥፊው አሉ። መልሱ እንዲህ ሆነ፤ ይታይሽ፣ አልተቆጣሁም፣ አልሰማሁሽም ነበር። ልጆችሽ እንጀራ ወደሚያገኙበት ሂጂ። ስምሽ ሲጠራ እኔ እሰማልሻለሁ።

መስመሩ ዝግ ነው። ስልክም ሞከርሁ፣ አይገባም። ቃላቸው ወረፋ ይዞ ቆሟል።

ዓርብ፣ ሻማ ሊበራ ሲል

ቀትር ላይ ተከፈተ። ላክሁ። ገና ሲሄድ ዘበኛው ጮኸ፤ ተቆርጧል። ይድረስ አይድረስ አላውቅም። ኤዲተሩ እንደ ገና ወረፋ አስይዞታል። ያ ስልክ በተከፈተ ጊዜ መስመሩ በራሱ ይያያዛል፣ ቃሉም ይሄዳል፣ ማንም ምንም ሳይነካ። እኔ ኤዲተሩን ከዘጋሁት ግን የሚያያዘው የለም። እሑድ ጧት መኪና ላይ ናቸው።

ለአባዬ ይህን ሁሉ አስረዳሁ። ዝጊው እንዲሉኝ ጠበቅሁ። ሕጉ የእሳቸው ነው።

ይታይሽ በሰንበት ስልክ አትከፍትም አሉ፣ የኔ ልጅ ናት። ስልኩ ግን የታደሰ ነው አሉ። ታደሰ ሊከፍተው ይችላል።

ያን ሰው በስሙ ጠሩት። ሰምተሻል፣ ማስታወሻዬ? ታደሰ አሉ።

የሚናገረውን አጥፊው፣ መስመሩን ተዪው አሉ። ሰንበት ጸጥ ትበል፣ በሩ ግን አይዘጋ። አንባቢውን ገደልሁት። ኤዲተሩን ለመዝጋት እጄ በልማድ ሄዶ ነበር፤ ገድዬ ልውጣ ብሎ ጠየቀኝ፣ አይ አልሁት።

ክብሪቱ እጄ ላይ ነው። አባዬ ከወንበራቸው ሆነው ስንት ልጅ ገደልሽ አሉኝ። አንድ አልሁ።

ይበቃል አሉ።