ከቪዲዮው ቆርጬ ያስቀረሁት

ለውድ እህቴ ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ከወንበር ስትነሺ ታቃስቻለሽ? ባለቤትሽ ደህና ነው? የትንሿ ልጅሽ ጥርስ በቀለ? እኔም ደህና ነኝ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ላንቺ መዋሸት ግን አልችልበትም። ደህና አይደለሁም።

ስልክ ያልደወልኩት አውቄ ነው። ስደውል እማዬ አጠገብሽ ናት፤ ስልኩን ትነጥቅሽና “በላህ ወይ? ከሳህ ወይ?” ስትል ወሬያችን በዚያው ያልቃል።

ለልብስ ስፌት ጀማሪዎች የምናዘጋጀውን የኢንተርኔት ትምህርት ታውቂዋለሽ። ስክሪኑ ላይ የስፌት መኪና ሥዕል አለ፤ ተማሪው መርፌውን ሲነካ የመርፌው፣ ፔዳሉን ሲነካ የፔዳሉ አጭር ቪዲዮ ከነድምፁ ይከፈታል። ሁሉም በፈለገው በኩል ገብቶ በፈለገው ይወጣል። ጎበዝ ሰፊ ፍለጋ ስንባዝን “ከእናቴ የተሻለ ከየት ይመጣል?” ብዬ አለቃዬን ያሳመንኩት እኔው ነኝ። አንቺም በስልክሽ ቀርጸሽ ላክሽልኝ፣ ተባረኪ። ቢሮው ሁሉ በእማዬ እጅ ተገረመ። ሥዕል የሚሠራው ባልደረባዬማ “እኚህ ሴት ከነመኪናቸው ነው እንዴ የተወለዱት?” አለ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ክር ማስገባቱ ላይ ስንደርስ ለጀማሪ ይፈጥናል ተባለና ቪዲዮውን አዘግይቼ ማየት ጀመርኩ። እትዬ፣ በፍጥነቱ ውስጥ የማይታየው ነገር ሁሉ ታየኝ። ክሩ በመርፌው ጎን ያልፋል። ጣቷ መርፌውን በዳበሳ ይፈልገዋል። ዓይኗ ያለው መርፌው ላይ ሳይሆን ወደ ግድግዳው ነው። ሌላኛው ቪዲዮ ላይ መቀሱን ለማንሳት እጇን ስትሰድ ያረፈው ባዶ ጠረጴዛ ላይ ነው። የፔዳሉን ጩኸት ለመቀነስ ድምፁን ለብቻው ስከፍት ደግሞ አንቺን ሰማሁሽ፦ “ትንሽ ወደ ግራ፣ እማዬ።” እሷም “ኧረ ቀስ በይ፣ ይሰማል!” ትልሻለች። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ግን ተነስቼ መጸዳጃ ቤት ገባሁና አለቀስኩ።

አዝኜብሻለሁ። ከመቼ ጀምሮ ነው? እንዳስማለችሽ አልጠራጠርም፤ ሥራውን ጥሎ ይመጣል ብላ ፈርታ ይሆናል። ግን በዓይን ቀልድ የለም። ብርሃኗ ጨርሶ ቢጠፋ ማንን ልንወቅስ ነው? ምናልባት መነጽር ብቻ ይበቃት ይሆናል፤ ሳትመረመር በምን እናውቃለን?

አለቃዬ “የሳቱበት ቦታ ሁሉ ይውጣ፣ ተማሪ ይሰለቻል” አለች። ቆረጥኩት፤ ያንቺንም ድምፅ አጠፋሁት። አሁን ትምህርቱ ላይ ያለችው እማዬ አንድም ጊዜ አትስትም። ተማሪዎቹ “እጃቸው ይባረክ” እያሉ ይጽፉልናል። እኔ ግን ቁጭ ብዬ ደጋግሜ የማየው የቆረጥኩትን ነው። ባልደረባዬ “ምን ሆነሃል?” ሲለኝ “ስክሪኑ ዓይኔን አሳምሞኝ ነው” እለዋለሁ።

በሞቴ፣ በዚህ ሳምንት ዓይን ሐኪም ጋ ውሰጃት። እምቢ ካለች እኔ ነኝ ያዘዝኩት በያት፤ ቁጣዋን እኔ እችለዋለሁ።

ለባለቤትሽ አክብሮቴን አድርሺልኝ፤ እሱንም ይዛችሁት ሂዱ፣ በእሱ ፊት አትከራከርም። ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ጎረቤታችንን ልብስ ተኳሿን ሰላም በያት። ለእማዬ ግን ሰላምታዬን በሌላ ወረቀት ጽፌላታለሁ። ፊደሎቹ ጣት ጣት ያክላሉ፤ ምን ለማለት እንደሆነ ገና ስትገልጠው ይገባታል። ያም ሆኖ ካልታያት አንቺ አንብቢላት፤ ያለው ይኸው ብቻ ነው፦ “እማዬ፣ አውቄአለሁ። ከእኔ አትደበቂ።”

ታናሽ ወንድምሽ
ማሙሽ

ከኪራይ ቤቴ፣ ኅዳር ፱ ቀን