አሥር ዓመት የሚያገለግል ባትሪ

ልጄ፣

ይህን ስታነቢ እኔ ሆስፒታል ነኝ። የልብ ምት ማስተካከያውን ዛሬ ጠዋት ያስገቡልኛል፤ ቅጹን የፈረምሁት ራሴ ነኝ።

ሰኞ ዕለት ሐኪሙ «ባትሪው አሥር ዓመት ያገለግላል» ቢልሽ፣ «ውይ ዶክተር፣ ለእማዬ አሥር ዓመት ምን ያደርግላታል?» አልሽው። ከመጋረጃው ጀርባ ጫማዬን እያሰርሁ ነበር። ዓለም ስዞር በስንት አገር አየር ማረፊያ ጫጫታ መካከል ስሜ ሲጠራ ያልሳተ ጆሮ በመጋረጃ አይታገድም። ስንወጣ ደግሞ «ለዕድሜሽ አይመከርም ብሏል» አልሽኝ። አላመንሁሽም።

ድመቷን አብያት።
የበረንዳውን አበቦች ውሃ አጠጪ፤ የመስኮቱን አጠጥቻለሁ።

ክፍሌን ለክተሽ አልጋዬ ሥር የረሳሽውን ሜትር መሳቢያሽ ውስጥ አስቀምጬልሻለሁ። ክፍሌ ለጽሕፈት ጠረጴዛሽ ይበቃ ይሆናል፤ ለጊዜው ግን ሰው አለበት።

ሦስት ዓመት ሙሉ መድኃኒቴን ያቀበልሽኝ አንቺ ነሽ፤ አልክድም። መድከምሽን ቀደም ብዬ ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር።

ቢሆንም የአስታማሚ ስም ሲጠይቁኝ ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን አስመዝግቤያለሁ። በሩ ላይ «ልጇ ነኝ» ብትዪ ስምሽን አያገኙትም።

ትናንት ብቻዬን ተመልሼ፣ አንቺ ያልጠየቅሽውን ጥያቄ ሐኪሙን ጠየቅሁት።
ባትሪው ሲያልቅ በሌላ ይቀየራል።

እናትሽ